ክሩን ማን ጣለው?

አምና መጋላ ውስጥ አንድ በር ላይ ቆሜ ተሰድቤያለሁ። ስድቡ ይገባኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ከእኔ ጋር ተሰልፎ መሰደብ የነበረበት ብዙ ሰው ስላለ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «የአካባቢያችንን ቅርስ ዲጂታል እናድርግ» የሚል ፕሮጀክት ይዞ ተነሣ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፣ የተመረቅሁትም በኢንጂነሪንግ፤ በኮንትራት ያዙኝ። ከተሰበሰቡት ወረቀቶች መካከል የአዴ ባል ትተውት ያለፉት ነበረበት። ሰውየው ቀን ቀን አስተማሪ፣ ማታ ማታ ገጣሚ ነበሩ። ኦሮምኛ፣ ዐረብኛ፣ አማርኛ፣ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ በመጣላቸው ቋንቋ ይጽፋሉ። ለጋዜጣ የላኳቸው የሰፈር ዜናዎች ግልባጭም አለ፣ የታተመውም ያልታተመውም። ሁሉም በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በጥቅል በጥቅል ሆኖ በክር ታስሯል። ቀይ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ነጭ ክር፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሁለት ቀለም ተገምዶ።

የእኛ ስካነር ወረቀት በራሱ እየሳበ የሚያነብ ዓይነት ነው። ክር አይወድም። ስለዚህ ክሩን በመቀስ እየቆረጥን ጣልነው። (እኔም ቆርጫለሁ። «ሌሎች ናቸው» ብል ያምረኝ ነበር።) ወረቀቱን ቆለልነው፣ ማሽኑ ዋጠው፣ ፋይሎቹ ከ«ስካን 0001» ጀምረው እየተቆጠሩ አንድ ፎልደር ውስጥ ገቡ። ከዚያ ባነር ተሰቀለ፣ ለስላሳ ቀረበ፣ ሪባን ተቆረጠ። የክብር እንግዳው ስልኩን ከፍ አድርጎ አፑን ለሕዝብ ሲያሳይ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ዓመት ሳይሞላ የሰርቨሩን ኪራይ የሚከፍል ጠፋና ድረ ገጹ ተዘጋ። ወረቀቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ ለአዴ ተመለሰላት፤ ከላዩ ላይ አንድ ፍላሽ።

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይሠራም። አዴን አንቺ ነው የምላት፣ ፍቅር ነው። ያን ቀን ግን ፍቅር አልነበረም።

«በክር አስሬ ሰጠኋችሁ፣ በማዳበሪያ አመጣችሁልኝ» አለችኝ። «ይሄን ፍላሽ ደግሞ የት ልሰካው? ጆሮዬ ላይ?»

እስከ ዛሬ የሚያነደኝ ቀጥላ የነገረችኝ ነው። ቀዩ ክር ባሏ ሐረር ያስተምሩ በነበረ ጊዜ የጻፉት። ጥቁሩ የመጀመሪያ ልጃቸው ከሞተች በኋላ ያለው። ነጩ ለጋዜጣ የተላከ። ሁለት ቀለም የተገመደው ደግሞ ለጋዜጣ ተልኮ አልታተም ሲል ሰውየው ተናደው ወደ ግጥም የቀየሩት። ይሄን ሁሉ ነው በመቀስ የቆረጥነው። በእኔ ሙያ አነጋገር ያ ሳጥን የተሟላ የመረጃ ቋት ነበር፤ ኢንዴክሱን አጥፍተን ጥሬ ፋይሉን አስቀረንና አጨበጨብን።

እንግዲህ ጠቤ ከዚህ ይጀምራል። «ዲጂታል ይደረግ» የሚለው ነገር እዚህ አገር «ፎቶ ይነሣና ይረሳ» ማለት ሆኗል። ሹሙም ይለዋል፣ ለጋሹም ይለዋል፣ ከሁሉ በላይ እኛ ኮድ የምንጽፈው እንለዋለን፤ ምክንያቱም ለእኛ ቀላሉ ክፍል እሱ ነው። ስካነር መግዛት ይቻላል። አፕ በሁለት ወር ይሠራል። ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ «አዴ፣ ይሄ ጥቅል የማን ነው? መቼ ነው? ለምን ከዚያኛው ጋር ታሰረ?» ብሎ መጠየቅና መጻፍ ግን ወራት ይፈጃል። ሪባንም የለውም።

የሚገርመው ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። ፈረንሳዮች እ.አ.አ. በ1841 ለመዛግብት ቤቶቻቸው ባወጡት መመሪያ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ወረቀት ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል አብሮ እንዲቀመጥ ደንግገዋል። በኋላም ባለቤቱ ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል አለማፍረስ የሙያው ሕግ ሆነ። ከፈረንሳይ ባቡሩንም «ለገሃር» የሚለውንም ስም ተቀብለናል፤ ይህችን አንዲት ደንብ አብረን ብንቀበል ኖሮ አዴ ባልሰደበችኝ። ለነገሩ አዴ ደንቡን ማንም ሳይነግራት በክር ሠርታዋለች። ያልሠራነው ባለዲግሪዎቹ ነን።

አሁን ከአዴ ሳጥን ወደሚሰፋ ነገር ልሂድ።

ድሬ ተወልጄ ድሬ ነው የተማርኩት፤ አንድም መምህር ክፍል ውስጥ የሼኽ በክሪ ሳጳሎን ስም ሲጠራ አልሰማሁም። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ ከቤታቸው ሰምተው ያውቃሉ። እኔ ያወቅኋቸው በለንደን በኩል ዞሬ ነው፤ ሪቻርድ ሄይዋርድና መሐመድ ሐሰን እ.አ.አ. በ1981 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናቶች ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት በፒዲኤፍ እጄ ሲገባ። የሰፈሬን ሰው ታሪክ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ማንበብ ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው የቀመሰው ያውቀዋል።

ስማቸው አቡበክር ገራድ ዑስማን ነው፤ እ.አ.አ. በ1895 ሐረርጌ ውስጥ ተወለዱ። የሃይማኖት መምህርና ገጣሚ ናቸው፤ ኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን ዐረብኛና ሶማልኛም ይገጥማሉ። እ.አ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ አዲስ ፊደል ፈጠሩ። ለምን? ኦሮምኛ አምስት አናባቢ አለው፣ እያንዳንዱ አጭርና ረዥም ሆኖ ትርጉም ይለያል፤ በዚያ ላይ መጥበቅና መላላቱ አለ። የዐረብኛ የአናባቢ ምልክት ለሦስት ድምፅ የተሠራ ነው። የእኛ ግዕዝ ደግሞ ጥብቀት አያሳይም፤ «አለ» ብዬ ስጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢው ከዙሪያው ካልገመተ ፊደሉ አይነግረውም። አማርኛ ተናጋሪ ይሄን ለምዶት ይኖራል። ሼኽ በክሪ ግን አልለመዱትም፣ ቁጭ ብለው አስተካከሉት። የቅርጾቹ አሣሣል የራሳቸው ፈጠራ ነው፤ የውስጥ አሠራሩ ግን በአብዛኛው ከግዕዝ ፊደል የተቀዳ ነው። ኢንጂነር ማለት ለእኔ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ያለውን ሥርዓት ያጠናል፣ ጉድለቱን ያገኛል፣ የሚጠቅመውን ይዞ ሌላውን እንደገና ይሠራል።

ፊደሉ ተማሪ አገኘ፣ ተሰራጨ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት እንደ ፖለቲካ አደጋ አየውና ከለከለው። ሰውየውንም እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ በቁም እስር አስቀመጣቸው። በቁም እስር ሳሉ «ሻልዳ» የተባለ፣ 20 ገጽ ገደማ የሆነ፣ የኦሮሞን ሕዝብ በደል የሚተርክ ጽሑፍ በራሳቸው ፊደል ጻፉ። በ1978 እ.አ.አ. በቀይ ሽብሩ ዘመን ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ ሚያዝያ 1980 እ.አ.አ. እዚያው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አረፉ።

የከተማችን ታሪክ ሲወራ ባቡሩ አለ፣ የከዚራ ጥላ አለ፣ የድሬ ልጅ ፍቅር አለ። የቁም እስረኛው ሽማግሌ 20 ገጽ ግን በወሬው ውስጥ የለም። (ድሬ በዚህ አመሏ የቆየች ናት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ አንዱ የአማርኛ ልቦለድ ጀማሪ፣ ሌላው የኢኮኖሚ ጸሐፊ፣ ሁለቱም በየተራቸው የዚህች ከተማ ጉምሩክ ነጋድራስ ነበሩ። አላፊ አግዳሚውን ጠይቁት እስቲ።)

«ታዲያ ወረቀቶቻቸውን ስካን አድርጎ መጫን ነው» የሚለኝ አለ። ወገን፣ ችግሩ እሱ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ይህን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት «ሀ» የሚባለው ፊደል በዩኒኮድ 4608 የሚል ቁጥር ስለተሰጠውና ያንን ቁጥር ሁሉም ማሽን ስለተስማማበት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.አ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ነበር የሚሰጠው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፍርስራሽ ይሆናል። የ90ዎቹ የቢሮ ዲስኮች ይመስክሩ።

ዑስማንያን እንውሰድ። ጎረቤታችን ነው፤ ዑስማን ዩሱፍ ከናዲድ በ1920ዎቹ ለሶማልኛ የፈጠረው ፊደል። ዛሬ ሶማልኛ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ ዑስማንያ ግን ከ2003 እ.አ.አ. ጀምሮ ቁጥር አለው። የጊኒው ሶሎማና ካንቴ በ1949 የፈጠረው ንኮ በ2006 ገብቷል። በ80ዎቹ መጨረሻ እዚያው ጊኒ ሁለት ታዳጊ ወንድማማቾች ቤታቸው ቁጭ ብለው ለፉላኒ ቋንቋ የሣሉት አድላም በ2016 ገብቷል። ተናጋሪ ያልቀረለት የሱመር የሸክላ ጽሕፈትና የፈርዖኖቹ ሥዕላዊ ፊደል እንኳ አላቸው። የሼኽ በክሪ ፊደል እስካሁን የለውም።

ስለዚህ «ሻልዳ»ን ስካን ብናደርገው ምን እናገኛለን? ሥዕል። በውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም፣ ከአንዱ ቅጂ ከሌላው ማነጻጸር አይቻልም፣ ማሽን ላይ መተየብ አይቻልም። ቁጥር ለማግኘት ደግሞ ማመልከቻ ይጻፋል፤ አጣሪዎቹ የሚጠይቁት ስሜት ሳይሆን ማስረጃ ነው። ፊደሉ በእውነት በእጅ የተጻፈባቸው ገጾች የታሉ? አንዱ ቅርጽ በተለያየ ሰው እጅ እንዴት ይለዋወጣል? ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ነው ወይስ ጎን? ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን? አስተዋላችሁ? የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥያቄዎች የአዴ ክሮች ናቸው። «ስካን 0417» የተባለ ሥዕል ማንም አጣሪ ፊት ምስክር ሆኖ አይቆምም። የተማሪ ደብተር ይሁን የመምህሩ እጅ፣ የ1957 ይሁን የ1977፣ አይታወቅም።

አሁን ደግሞ ለተቃዋሚዎቼ። አንደኛው «ቁቤ አለ እኮ፤ ከ1991 እ.አ.አ. ጀምሮ ኦሮምኛ በላቲን ይጻፋል፣ ሚሊዮኖች ተምረውበታል፣ የሞተ ፊደል መቀስቀስ ምን ይሠራል?» ይላል። ማንም ቁቤን ይተው አላለም። ነገር ግን አንድ ሰው የጻፈውን እንደጻፈው ማንበብ መቻልና ዛሬ በምን እንጻፍ የሚለው ሁለት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚመጣው፣ «ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። እኔ ይህን የምጽፈው በአማርኛ፣ በግዕዝ ፊደል ነው። ያንን ፊደል የከለከለው ደብዳቤ የተጻፈበት ፊደል የትኛው ይመስላችኋል? ድሬ ውስጥ ሦስት ቋንቋ እያቀላቀልን ቡና እንጠጣለን፣ ወረቀት ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ወደየመንደሩ ይሮጣል። ከተማው ያሰራቸው ሰው የከተማው ጉዳይ ናቸው፣ አበቃ።

ሦስተኛው ተቃዋሚ የራሴ ትውልድ ነው፣ በእሱ ላይ ነው ይበልጥ የምከፋው። «ቴሌግራም ላይ አለ» ይላል። ምን አለ? የጳውሎስ ኞኞ መጻሕፍት ፒዲኤፍ አለ፣ አዎ። ዳር ዳሩ ተቆርጦ፣ ገጽ ተዘሎ፣ በየቻናሉ ማስታወቂያ ተለጥፎበት።

ጳውሎስን ያነሣሁት የኛው ሰው ስለሆነ ነው፤ ቁልቢ ነው የተወለደው፣ በ1926 ዓ.ም.፣ ከግሪካዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚለውን ዓምድ ሲይዝ አገር በሙሉ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር፤ ስለ ጨረቃም፣ ስለ ትዳርም፣ ስለ ታሪክም። ጉግል ከመፈጠሩ በፊት አገሪቱ የምትፈልገው እሱ ጋ ነበር። የእሱ መልሶች በጋዜጣው ታትመው ቀርተዋል። ጠያቂዎቹ የላኩት ደብዳቤ ክምርስ? ያልታተመው ጥያቄስ? አንድ ሕዝብ በ60ዎቹ ምን ማወቅ ይፈልግ እንደነበር የሚያሳይ ከዚያ የተሻለ መዝገብ በምን ይገኛል?

ደግሞ ነገሩን አስቡት፣ ጳውሎስ ራሱ የወረቀት ሰው ነበር። በ1984 ዓ.ም. ሲሞት ያልታተሙ ሥራዎች ትቶ ነው ያለፈው፤ የአጤ ምኒልክን ደብዳቤዎች ሰብስቦ ያዘጋጃቸው መጻሕፍት ለአንባቢ የደረሱት እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያ የሆነው አንድ ሰው ረቂቁን ስላልጣለው ነው። ያንን መጽሐፍ ያነበበ ያውቃል፤ የደብዳቤው ኃይል ቃሉ ላይ ብቻ አይደለም፣ «ይድረስ ለ…» ብሎ ለማን እንደተላከ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ በስንት ቀን፣ የት ከተማ እንደተጻፈ መናገሩ ላይም ነው። ጳውሎስ «ዋናው ሐሳቡ ነው» ብሎ ቀኑንና ስሙን ቆርጦ ቢጥል ኖሮ በእጃችን የሚቀረው የተረት ክምር ነበር። አራተኛ ክፍል የደረሰው ሰው ይሄን አውቋል። የኛ አፕ አላወቀም።

በነገራችን ላይ ቴሌግራም ላይ መበተኑ ሕጋዊም አይደለም። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ የጳውሎስ ሥራ እስከ 2034 ዓ.ም. ባለቤት አለው ማለት ነው። ይሄን የማነሣው ፖሊስ ለመጥራት አይደለም፣ እኔም አውርጃለሁ። የማነሣው «ለሕዝብ ነው» እያልን ቤተሰቡን ሳንጠይቅ የምንበትን ሰዎች፣ ነገ ያው ቤተሰብ ሳጥኑን ከፍቶ እንዲያሳየን ስንጠይቅ በሩን ሲዘጋብን እንዳይገርመን ነው። አዴ ስትዘጋብኝ እንዳልገረመኝ።

«ሰው ዳቦ አጥቶ ወረቀት?» የምትሉም አላችሁ፤ ኑሮው እኔንም ነክሶኛል። ግን እኔ የተከፈለኝ ክፍያ፣ ባነሩ፣ ለስላሳው፣ የእንግዶቹ አበል ለዳቦ አልዋለም፤ ለወረቀት ተብሎ ተበጅቶ ለበዓል ነው የዋለው። በዚያ ገንዘብ አንድ ሦስት ቋንቋ የሚያነብ የድሬ ልጅ ተቀጥሮ፣ ሳጥን ሳይነካ፣ ክር ሳይፈታ፣ ቤት ለቤት እየዞረ «የት፣ የማን፣ ስንት ጥቅል፣ በምን ቋንቋ» እያለ መመዝገብ ይችል ነበር። ወረቀቱ ባለቤቱ ቤት ይቆይ። ስካነሩ ሦስተኛ ዓመት ይምጣ፣ ወይም ጭራሽ አይምጣ። የከተማ አስተዳደሩም ዩኒቨርሲቲውም ማድረግ የሚችሉት ነው፤ የሚፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ደመወዝ ነው። አፕ አይፈልግም። ይሄን የምለው አፕ ሠርቼ የምበላው ሰውዬ ነኝ።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ድሬ ውስጥ ወረቀት ብዙ ጠላት አለው። ሙቀቱ አለ፣ ምስጡ አለ፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሰውና ቤት ሲወስድ ያየን ሰዎች ነን። ከሁሉ የሚፈጥነው ግን የአስታዋሹ ሞት ነው። ቀዩ ክር ምን እንደሆነ የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ማታ ማታ ዓይኗ አያይም።

ከስድቡ በኋላ ሁለት ወር ቆይቼ ተመለስኩ። ሆጃ ይዤ ሄድኩ፣ እሷ ግን የራሷን አፍልታ ነበር።

«ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?»

«ምንም። ልጠይቅሽ ነው።»

ማዳበሪያውን ጓዳ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍነው። እኔ የወረቀቱን ዓይነት አያለሁ፣ የቀለሙን፣ የስክርቢቶውን፤ የመጀመሪያውን መስመር አነብላታለሁ፤ ዐረብኛው ሲሆን የእህቷ ልጅ ያነብልናል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። «እሱ ሐረር ነው» ትላለች። «እሱ ከልጅቷ በኋላ ነው።» አንዳንዱን «አላውቀውም፣ ተወው» ትላለች፣ እኔም ደብተሬ ላይ «አዴ አታውቀውም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ያም መረጃ ነው። አንዴ አንድ ገጽ ሳነብላት ሳቀች፣ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ክር ከመጋላ ገበያ ገዝቻለሁ። ጥቁሩ እንደ ድሮው አይደለም፣ ትንሽ ያብረቀርቃል፤ አዴ አልወደደችውም። ሠላሳ አንድ ጥቅል አስረናል። ማዳበሪያው ገና አልጎደለም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰፈሩ በርጫ ላይ ሲሆን፣ ጸጥ ይላልና እመለሳለሁ።